የጉሙ ጫካ ማር

ወንድሜ ሮም የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጣውም ፈልጎ አልነበረም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰፈራና የመንግሥት እርሻ ከሬዲዮ የማይጠፉበት ዘመን። ወንድሜ የመንደራችን ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበርና ከአንድ የአዲስ አበባ ባለሥልጣን ጋር አውሮፕላን ላይ አሳፈሩት። ባለቤቴ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበረ። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ከመንደራችን በላይ ያለው ጫካ ነው። መንግሥት ጫካውን መንጥሮ የሻይ እርሻ ለማድረግ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወንድሜ ደግሞ "ሕዝቡ ይፈልገዋል" ብሎ እንዲመሰክር ተልኳል።

ስብሰባው ሰኞ ነበር። እሑድ ምሳ እኛ ቤት እንዲበሉ ባለቤቴ ጋበዛቸው።

ስለ ጫካው አስቀድሜ ካልተናገርኩ በዚያ ምሳ ላይ የሆነው ነገር አይገባም።

አገሬ ከፋ ነው። ጫካው ከቤታችን ጓሮ ካለው የእንሰት ማሳ ጫፍ ይጀምርና ሸንተረሩን ሁሉ ሸፍኖ ይወጣል። ጠዋት ጉም ከሸለቆው ይነሣና ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይጎተታል፤ አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይገለጥም። ዝናብ ባይኖርም ዛፎቹ ያንጠባጥባሉ። ምንጭ ስንሄድ እናታችን ወደ ላይ እያሳየች "ውሃው ከዚያ ነው የሚመጣው" ትለን ነበር። ኋላ ተማሪ ቤት ገብቼ ብዙ ነገር ስማር የእናቴን ቃል የሚያፈርስ አላገኘሁም። ከዛፎቹ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና አለ፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ጉሬዛ ከላይ ሲዘል ነጭ ጅራቱ ብቻ በጉሙ ውስጥ ይታያል።

ለማያውቅ ሰው ጫካው የማንም አይመስልም። ቀፎ የሚሰቀልባቸው ትላልቅ ዛፎች ግን እያንዳንዳቸው ባለቤት ነበራቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። የእኛ ቤት ዛፍ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ያለው ጌተም ነው። ጌተም ሲያብብ ማሩ ነጭ ይሆናል፤ እንደ ቅቤ ይረጋል። አባታችን በሐረግ ገመድ እየተሳበ ይወጣ ነበር። ማሩን ሲቆርጥ ከቀፎው በስተኋላ ያለውን አይነካም፤ የንቦቹ ነው። ለማገዶ የወደቀ እንጨት ይለቀማል እንጂ የቆመ አይቆረጥም። ኮረሪማ ለመልቀም ሴቶች ሁሉ የሚወጡት በአንድ ቀን ነው። ቀድማ የወጣች ሴት ቅርጫቷን ሞልታ ስትመለስ እንዴት ዋልሽ የሚላት አታገኝም። ይህን የሚያስጠብቅ ፖሊስ አልነበረንም።

ጠብ ሲነሣ ግን አንድ ወግ ነበር። አንድ ሰው ጫካ ሊመነጥር አስቧል ተብሎ ሲጠረጠር ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ብዙ አይነገርም። ከዚያው ከጫካው የተቆረጠ ማር መካከል ላይ ይቀመጣል፤ የዛፉ ባለቤት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ከማሩ የበላ ሰው በዚያ ጫካ ላይ መጥረቢያ አያነሣም፤ ሌላው ሲያነሣም ዝም ብሎ አያይም። መብላት ያልፈለገ ተነሥቶ ይሄዳል። ማንም አይሰድበውም፤ ሐሳቡ ግን ታውቋል። ወጉን ሳያውቅ የበላ እንግዳም ቢሆን ታስሯል። ለእሱ ብቻ መውጫ አለው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፉን በውሃ ከተጉመጠመጠ ነፃ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች አውቆ እንደበላ ይቆጠራል። ይህን ያፈረሰ ሰው ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ ያፈረሰ ሰው አላየሁም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጅማ ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ፤ እዚያ ያገባሁት ሰው ሮም ሲመደብ አብሬው መጣሁ። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከጫካ የሚያውቀው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመን ላይ ጠንቃቃ መሆን ነውር አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ የሚቀጥረው መንግሥት እስካልተቃወመ ድረስ ነው። ፓስፖርታችንን የሚያድሰው ኤምባሲው ነው፤ ፓስፖርት ከሌለ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለም፤ ፔርሜሶ ከሌለ ሮም የለም።

እሑድ ጠዋት ክራቫቱን እያሰረ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

"ዛሬ ምሳ ነው። ምሳ ብቻ" አለ።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ምንም። እሱ ነው የሚያሰጋኝ።"

እንግዶቹ ያረፉት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ አንድ ፔንሲዮኔ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ውስጥ ነበር፤ በአውቶቡስ መጡ። ወንድሜ መንግሥት ያሰፋለትን ሱፍ ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን ይሸፍነዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ስንተያይ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። እኛ ቤት መሳሳም ብዙ የለም። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥቶ ፊት ለፊት ያሉትን ፎቆች አየ።

"እንደ ቀፎ ተደራርበዋል" አለ በአማርኛ። "ንቡ ይሄን ያህል ከሆነ ማሩ የታለ?"

ባለቤቴ ሳቀ። ባለሥልጣኑም ፈገግ አለ። አጭር፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። አማርኛው የአዲስ አበባ ነው፤ የሸዋ ሰው አድርጌ ገመትኩት። ምሳው ስላልደረሰ በሞካ፣ በጣሊያኖቹ ጀበና፣ ቡና አፈላሁላቸው። ባለሥልጣኑ ስኳሩን ደጋግሞ ጨመረ፤ ማንኪያው ሲኒው ውስጥ እስኪከብደው ድረስ። ስኳር እንዲህ የሚወድ ሰው ቢያንስ አንድ ድክመት አለው ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ወንድሜ እጁን ሊታጠብ ብሎ ተከትሎኝ ወጥ ቤት ገባ። በሩን ገፋ አደረገና ከኮቱ ውስጥ በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ቅል አወጣ። በቋንቋችን ማውራት ጀመርን።

"ያዢ" አለ። "ከጌተሙ ነው።"

"በአውሮፕላን ጣቢያው እንዴት አሳለፍከው?"

"ፖሊሱ ከፍቶ አሸተተና ሊወስድብኝ ነበር። አብሮኝ የመጣው ጓድ ነው ያስጣለኝ። 'መድኃኒቱ ነው' አለለት።"

"ምን እንደሆነ ያውቃል እንዴ?"

"የአዲስ አበባ ሰው ከየት ያውቃል? ሽማግሌ ነው ብሎ አዝኖልኝ ነው።" ቅሉን ራሱ ወደ መደርደሪያው አስጠጋው። "አባታችን ካረፈ ወዲህ ከዛፉ አልበላሽም። የሴት ልጅ ድርሻ አይቀርም። እኔ ስሄድ ብዪው።"

"አብረን እንበላዋለን እንጂ፣ ጋሼ።"

"እኔ ዘንድሮ አልቀመስኩም።" ውሃውን ከፍቶ እጁን ማሸት ያዘ። "ሰኞ የምለውን አስጠንተውኛል። 'ባዶ ጫካ ነው፤ ሕዝቡ መንጣሩን ይፈልጋል' ነው የምለው። ማሩን በልቼ ይህን ማለት አልችልም።"

"ባትለውስ?"

"ልጆቼ እዚያ ናቸው። ትልቁን ለውትድርና ያልወሰዱት ሊቀመንበር ስለሆንኩ ነው።"

ውሃውን ዘጋ። ቅሉን ከዘይቱ ጠርሙስ ኋላ አደረግሁት፤ እሱም ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ወዲያው የደጁ ደወል ጮኸ። ፖርቲዬራዋ ናት፤ የሕንፃው በር ጠባቂ፣ ከታች ሆና የሁሉንም ኑሮ የምታውቅ ሴት።

"ሲኞራ፣ አሸንሶሬው! እንግዶችሽ በሩን ከፍተው ነው የተዉት። ማንም መውረድ አልቻለም፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ወጣሁ!"

ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ጉልበቷ ደግማ ነገረችኝ፤ ደግሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ወጥቼ የአሸንሶሬውን፣ የአሳንሰሩን፣ በር ዘጋሁና ተመለስኩ። ፓስታውን በስጎ ለውሼ ይዤ ስወጣ ጠረጴዛው መካከል ላይ ነጩ ማር በሳሕን ተቀምጧል።

ባለቤቴ ዳቦ ፍለጋ ወጥ ቤት ገብቶ ቅሉን አግኝቶታል። ከዳቦው ጋር እየጠቀሰ ይበላል፤ ጢሙ ላይ ሳይቀር ማር ነበር።

"ይሄን የመሰለ ማር ደብቀሽብን!" አለኝ። "ጓድ፣ ይቅመሱ እንጂ። የባለቤቴ አገር ማር ነው፤ እንዲህ ያለ የትም አይገኝም።"

ወንድሜን አየሁት። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አባታችን በሽማግሌዎች ፊት እንዲሁ ነበር የሚቀመጠው። እንግዳ ፊት የቀረበን ምግብ አንሡ ማለት በእኛ ዘንድ አይደረግም፤ ስለዚህ አላስቆመውም። አሁን ደግሞ ማሩ መካከል ላይ ነው፤ የዛፉ ባለቤት ዝም ብሏል። ሳይታሰብ ወጉ ተሟልቷል። ባለቤቴ ብቻ ነው የማያውቀው። ባለሥልጣኑም አያውቅም ብዬ ነበር።

ባለሥልጣኑ ማንኪያውን አነሣ። ከሳሕኑ ቆንጥሮ ወደ አፉ አስጠጋው። እዚያ ላይ ቆመ። አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አሸተተው። ከዚያ ማንኪያውን ከነማሩ ቀስ ብሎ የሳሕኑ ጠርዝ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"ጣፋጭ አይስማማኝም" አለ። "ስኳር አለብኝ።"

"ውይ፣ ሳላውቅ!" አለ ባለቤቴ።

የቡናው ሲኒ ገና አልተነሣም ነበር። ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር ወፍሮ ይታያል። ወንድሜ ሲኒውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። የፓስታው ሳሕን እጄን እያቃጠለኝ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

"ባልሽ በላ" አለኝ በቋንቋችን፣ ዓይኑን ከዳቦው ሳያነሣ። "ያኛው አልበላም።"

"አይቻለሁ።"

"በአማርኛ በአማርኛ!" አለ ባለቤቴ። "እንግዳ አለ እኮ።"

"ፓስታው በዝቷል እያለ ነው" አልኩ።

ባለሥልጣኑ ናፕኪኑን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ቀና አላለም።

ምሳውን በላን። በላን ለማለት ነው። ባለቤቴ ስለ ሮም ሙቀት አወራ፤ ስለ አውቶቡስ አድማ አወራ። ማሩን ማንሣት ፈልጌ እጄን ስዘረጋ ወንድሜ በዓይኑ ከለከለኝ፤ ከተቀመጠ በኋላ የሚያነሣው የዛፉ ባለቤት ነው። ወንድሜ ራሱ ከፓስታው ጋር ይታገል ነበር። ሹካው ላይ ሲጠቀልለው ሌላው ጫፍ ይፈታበታል።

"ይሄ ነገር መጨረሻው የት ነው?" አለ።

"ጓድ ሊቀመንበር" አለ ባለሥልጣኑ፣ "ነገ እንዲህ እንዳትጠላለፍብኝ።"

ባለቤቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው።

"እኔ ያጠናሁትን ነው የምለው፣ ጓድ" አለ ወንድሜ።

"እሱን ነው። ያጠናኸውን።"

ሊሄዱ ሲነሡ ወንድሜ ማሩን ወደ ቅሉ መልሶ በእጄ ሰጠኝ። ባለቤቴ የአሸንሶሬውን በር አዘጋግ ሊያሳየው ይዞት ወጣ፤ "ይሄን እንዲህ ይስቡታል፣ ጋሼ፤ ካልተዘጋ ከታች ያለችው ሴትዮ ትበላናለች" ሲለው ይሰማኛል። ባለሥልጣኑ ኮቱን ለመልበስ ኋላ ቀረ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቋንቋችን ተናገረ።

"ባልሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፉን እንዲጉመጠመጥ ንገሪው።"

አነጋገሩ ከመንደራችን በታች ካለው ወንዝ ማዶ ያሉት መንደሮች አነጋገር ነው። ከእኛ ሸንተረር ጉም ሲገለጥ ጣሪያቸው ይታይ ነበር።

"የማን ልጅ ነህ?" አልኩት።

"ምሳው ጥሩ ነበር" አለ በአማርኛ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

አሸንሶሬውን አልጠበቀም፤ በደረጃው ወረደ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆኖልኝ ነበር። ማሩን ምን እንደሆነ እያወቀ ከፖሊስ ያስጣለው ሰው ማሩን መብላት አልፈለገም። ዋሽቶ መብላት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ስለዚህ የጫካው ነገር አብቅቷል ማለት ነው፤ ሰኞ የሚቀረው ወንድሜ ያጠናውን ማለቱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ እንግዶቹን አውቶቡስ አሳፍሮ ተመለሰና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከየመስኮቱ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ፊቱ አስቀመጥኩና ሁሉን ነገርኩት፤ ወጉን፣ ሲኒውን፣ በሩ ላይ የተባልኩትን። በመጀመሪያ ሳቀ። ባለሥልጣኑ የአገሬ ሰው መሆኑን ስነግረው መሳቁን ተወ።

"እኔ በዛፍ አላምንም" አለ።

"ታዲያ ተጉመጥመጥና ትፋው። ምን ይጎዳሃል?"

"ካደረግሁት አምኜበታለሁ ማለት ነዋ።"

"ካላደረግኸውስ?"

ጢሙን በጣቱ ጠረገ፤ ገና ይጣበቅ ነበር መሰለኝ።

"ሳታውቅ ነው የበላኸው" አልኩት። "ማንም አይፈርድብህም። ጋሼም አይፈርድብህም።"

"አሁን ግን አውቄያለሁ።"

"ፀሐይ አልጠለቀችም።"

ዕቃ ላጥብ ገባሁ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የበረንዳው ጫፍና ብርጭቆው ይታዩኛል። ባለቤቴ ወደ ውሃው አይቶ ወደ ጣሪያዎቹ ያያል። ውሃውን ቢያነሣ ቤታችን በሰላም ያድራል፤ ነገም እንደ ሁልጊዜው ስብሰባው ላይ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ካላነሣው ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። አንድ ሳሕን ደጋግሜ ሳጥብ ራሴን አገኘሁት።

ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ፎቅ አንቴናዎች ኋላ ስትገባ ጠራኝ።

"የጫካውን ዶሴ አንብቤዋለሁ" አለ። "ሸንተረሩ ሰው የሌለበት ነው ይላል። በተጻፈበት ቀን ነው ያነበብኩት። አንብቤ ማኅተም አስመትቼ አሳለፍኩት።"

እጄን በሽርጤ ጠረግሁ።

"አንቺ ከየት መጣሽ ታዲያ?"

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወል ጀመረ። የመጨረሻው ብርሃን ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ተነሣ። ሬዲዮዎቹም ዝም ብለው ነበር፤ ጨዋታው አልቋል። ባለቤቴ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ።

"ለእራት ምን አለ?" አለ።

ብርጭቆው እንደሞላ ነበር። ውሃውን የባዚሊኮው፣ የበሶብላው፣ ማሰሮ ላይ አፈሰስኩት።

ሰኞ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ባለቤቴ ነው የነገረኝ፤ ኋላም ወንድሜ። ወንድሜ ተነሥቶ ያጠናውን አንድ ቃል ሳያጎድል አለ። ሰብሳቢው ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብሎ ዞር ሲል ባለቤቴ እጁን አወጣ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጠይቆ አያውቅም። ለመጻፍ እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም የሚቀመጠው።

"በሸንተረሩ ላይ ዛፍ ያላቸው ቤቶች የማንና የማን ናቸው?" ብሎ ጠየቀ።

ሰብሳቢው ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ወደ ወንድሜ አስተላለፈው።

"ለሌላው ሁሉ መልስ አስጠንተውኛል" አለኝ ወንድሜ። "ለዚህ አላስጠኑኝም። ጓድን አየሁት፤ እሱ ወረቀቱን ያያል። ምን ላድርግ? ቤቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። ከታች ከወንዙ ነው የጀመርኩት።"

እያንዳንዱን ቤት በዛፉ ጠራ። አስተርጓሚዋ መከተል አቅቷት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ሰብሳቢው አስቆመውና ወደ ባለሥልጣኑ ዞሮ፣ ይህ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሥልጣኑ "ሽማግሌው ተሳስቷል" ቢል ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ባለቤቴ እንደነገረኝ ወረቀቶቹን አስተካከለ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

"አዎ" አለ። "ሰው አለበት።"

ሸንተረሩ እንደገና ይጠና ተብሎ ከዕቅዱ ወጣ፤ የታችኛው ተዳፋት ብቻ ጸደቀ። እኔ በዚያ ቀን ይህ መዳን መሆኑን አላወቅሁም። እንደገና ይጠና የሚባል ነገር ነገ ሊጠና ይችላል።

ሲሄዱ ልንሸኛቸው ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሄድን። ሁለቱ ሻንጣቸውን ይዘው ፔንሲዮኔው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ የሚነጋገሩ አይመስሉም። ወንድሜ የባለቤቴን እጅ ይዞ ቆየ።

"እንግዲህ የዛፉ ሰው ነህ" አለው። "ስትመጣ ገመዱን አዘጋጅልሃለሁ።"

"ከታች ሆኜ ልያዝልዎት፣ ጋሼ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኳን ያዞረኛል።"

ባለሥልጣኑ ታክሲው በር ላይ ሲደርስ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

"ተጉመጠመጡ?"

"አልተጉመጠመጥኩም።"

"መስሎኝ ነበር" አለና ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ፓስፖርታችን ሊታደስ ኤምባሲ ገብቶ አልተመለሰም። ባለቤቴ በተመላለሰ ቁጥር ሌላ ሰው ሌላ ቀን ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ ውሉን አላደሰለትም፤ በትሕትና ነው ያሰናበቱት። ማን እንደጻፈብን አላውቅም፤ ባለሥልጣኑ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም ለማለትም የለኝም። እኔ የአንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ሥራ ያዝኩ፤ ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸከመ። ሰፊውን ቤት ለቀን ጠባብ ያዝን። አሸንሶሬ አልነበረውም። ወንድሜ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ፤ ትልቁ ልጁ ውትድርና ተወሰደ። ልጁ ተመልሷል። ለብዙ ጊዜ እንደሚመለስ አናውቅም ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ባለቤቴ በምሳው ዕለት ስለሆነው አንድ ቃል አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ቅሉ መደርደሪያው ላይ ነበር። አልበላሁም። ልጁ ሳይመለስ አልበላም ብዬ ነው፤ ይህን ያዘዘኝ ወግ የለም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ብቻዬን አገር ቤት ሄድኩ። ሻዩ ተዳፋቱን እንደ ተላጨ ራስ አድርጎት እስከ ሸንተረሩ እግር ደርሷል። የተዳፋቱ ምንጮች ደርቀዋል፤ ከሸንተረሩ የሚወርዱት ግን አሉ። ከሻዩ በላይ ጉሙ ይጀምራል። ወንድሜ ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ወታደር የነበረው ልጁ ነው ጌተሙ ላይ የወጣው። ወንድሜ ማሩን በእጁ አጎረሰኝና ራሱም በላ። ስለ ባለሥልጣኑ ጠየቅሁት። ከወንዙ ማዶ ወሬው እንደጠፋ ነገረኝ።

ስመለስ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ፖሊሱ አዲሱን ቅል ከፍቶ አሸተተው።

"ሜዲቺና" አልኩት፣ መድኃኒት ነው ብዬ። አሳለፈኝ።

ባለቤቴ ጠባቡ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በማንኪያ መብላት ጀመረ። አርጅቶ ነበር፤ ጢሙ እንደ ማሩ ነጭ ሆኗል። ዛፉ መቆሙን፣ ልጁ መውጣቱን፣ ወንድሜ መብላቱን ነገርኩት። ሁሉን ከነገርኩት በኋላ እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

"ያን ዕለት በብርጭቆው ውሃ ለምን አልተጉመጠመጥክም?"

ማንኪያውን ከአፉ አወጣና አሰበ።

"ሞቆ ነበር" አለ።